አጨብጫቢዎቹና የትርንጎ በር

በእኛ ከተማ ማጨብጨብ ሙያ ነው፤ እንደ ሸማኔነት፣ እንደ አናጢነት ያለ ሙያ። በሌላ አገር ሰው ደስ ያለው እንደሆነ ከመሬት ተነስቶ እጁን ያማታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ፤ ከከተማዬ ርቄ አላውቅም፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ግን እንዲያው ሳስበው ያስቀኛል። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉጠቱን ራሱ ይይዛል እንዴ? ለሁሉም ባለሙያ አለው።

አጨብጫቢዎቻችን ሦስት ቤት ናቸው። የድምፅ ቤት ለዘፋኝና ለመሣሪያ ተጫዋች መዳፍ ለመዳፍ ያጨበጭባል። የቃል ቤት ለገጣሚና ለተናጋሪ በጣት ጫፍ ያጨበጭባል። የእንቅስቃሴ ቤት ለጨፋሪና ለተዋናይ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል። ሥራው ካላማራቸው ደግሞ ጭናቸውን አንዴ ጧ አድርገው ይመታሉ፤ ያ ውድቀት ነው፣ ይግባኝ የለውም። እኛ ሌሎቻችን እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን እንቀመጣለን።

በአያቶቻችን ዘመን አንድ ሰው እየዘፈነ ጨፈረና ሁለት ቤት ባንድ ላይ አጨበጨበለት አሉ። ጭብጨባው ተደባለቀ። የቱ የጉሮሮው፣ የቱ የእግሩ እንደሆነ መለየት ስላቃተው ሰውየው ሁሉንም የራሱ አድርጎ ኮራ፤ እስኪሞት ድረስ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት ለአንድ ሥራ እጁን እንዳያነሳ ተከለከለ። ዘፋኞቻችን እንደ ምሰሶ ተገትረው ይዘፍናሉ፤ ጨፋሪዎቻችን ከንፈራቸውን ነክሰው ይጨፍራሉ፤ ገጣሚዎቻችን ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው ግድግዳ ተደግፈው ያነባሉ። ለምደነዋል፤ ምንም አይልም።

ሌላው ወጋችን የገመዱ ነው። ጉባኤ ሲጀመር ባለገመዱ አበጀ ሜዳውን ዙሪያውን በገመድ ይከባል። መግባት ይቻላል፤ ጭብጨባው ወይም የጭኑ ምት ሳይሰማ ግን መውጣት የለም፤ ባለሥራውም ሥራውን ማቆም አይችልም። ለዚህም ምክንያት አለው። ድሮ አንድ ሹም ሲናገሩ ሕዝቡ አንድ አንድ እያለ ሹልክ ብሎ ሄዶባቸው ንግግራቸውን የጨረሱት ለበቅሏቸው ነበር። በቅሎዋም እስከ መጨረሻው አልቆየችም ይላሉ።

እንግዲህ የትርንጎ ነገር የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ትርንጎ የጋሽ ወረታው ልጅ ናት፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጋሽ ወረታው የቃል ቤት አለቃ ናቸው። እጃቸው ማለዳ ማለዳ ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ ውሃ አይቀዱም፣ እንጨት አይነኩም፣ ጫማቸውን እንኳ የሚያስርላቸው ሌላ ሰው ነው። እጅ ከሻከረ የጭብጨባው ድምፅ ይበላሻል። ጆሯቸው ደግሞ ለጉድ ነው፤ ግጥም የት ላይ እንደሚያልቅ ከገጣሚው ቀድመው ያውቃሉ። ወንድ ልጅ የላቸውም፣ ሌላ ሴት ልጅም የላቸውም፤ ያለቻቸው ትርንጎ ብቻ ናት። ወንበሩ የሷ ነበር።

እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቅቤውን ውሻ ታስልሳለች። ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ትውላለች። አድጋም አልተወችው፤ የወፍጮ ድንጋይ እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ሰው ሲዋሽ ቃሉ የት ላይ እንደሚሰበር፣ አኩርፎ የሚሄድ ሰው ተረከዙን እንዴት እንደሚጥል ስትለቃቅም ኖረች። የለቃቀመችውን ሁሉ እያደባለቀች በድምፅም፣ በቃልም፣ በአካሏም ታወጣዋለች።

አንድ ቀን፣ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«መስማት፣ መናገር፣ መሄድ» አለችኝ።

«እሱንማ ሁላችንም እንሠራዋለን እኮ።»

«እኮ!» ብላኝ ሄደች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተናድጄ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አባትና ልጅ ሲነጋገሩ በአጥር የሰማሁት። አላደባሁም፤ አጥሩ ነው ስስ።

«ትርንጎዬ፣ አርጅቻለሁ» አሉ ጋሽ ወረታው። «ወንበሬን ማን ይውረሰው? የእመት ፈንታዬ የወንድም ልጆች?» እመት ፈንታዬ የድምፅ ቤት አለቃ ናቸው፤ ሁለቱ ቤቶች አይዋደዱም።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ልሥራ። ከተጨበጨበልኝ መንገዴን ይተዉልኝ።»

«ካልተጨበጨበልሽስ?»

«እጄን ቅቤ እቀባለሁ። ወንበርዎ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«ልጄ ነሽ ብዬ እጄን አላነሳልሽም፤ ይሄንን ዕወቂው።»

«እሱን ካነሱልኝማ ምኑን አባቴ ሆኑ!» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ትርንጎ፣ ያቺ እንደ ጢንዚዛ እዚህም እዚያም የምትል ልጅ፣ ቅቤ በተቀባ እጅ ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሥራ ማለቂያ ስትጠብቅ ታየችኝ።

በገበያ ማግስት ጠዋት ሜዳው ሞላ። ትርንጎ ከፈረሰ ቤት ያገኘችውን አሮጌ በር ከነመቃኑ በጀርባዋ አዝላ መጣች። ሜዳው መሃል አቆመችው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፤ በር ብቻ። «ቤቱን የት ጣለችው?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

ከዚያ በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ሲጥጥጥ አለ። ቀስ ስታደርገው ያቃስታል፤ ፈጠን ስታደርገው እንደ ሴትዮ ሳቅ ይንቀጫረራል። «ቤቶች!» አለች። እንግዳ ሆነች፤ «አልገባም፣ አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ» እያለ ገብቶ የሚቀመጠውን ሰው ሆነች። ሁላችንም ዞረን አንድ ሰው አየን፤ ሰውየውም ወደ መሬት አየ። ወንፊት ልትዋስ መጥታ ሦስት ቤት አምታ የምትመለሰውን ሆነች። «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ደጃፍ ላይ ቆመው ከገቡበት ጊዜ ይበልጥ የሚያወሩትን ሆነች። አኩርፋ ወጥታ ነጠላዋን ረስታ የምትመለሰውን ሆነች። በየማለዳው ጉበኑ ላይ ግንባሩን ገጭቶ አናጢውን የሚረግመውንም ሆነች። እሱ እኔ ነኝ። ከመቀመጫዬ ሳላስበው ግንባሬን ዳበስኩ። ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ አሮጊት እናቱ ከሞቱ በኋላም ማታ ማታ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚተውላቸውን ልጅ ስትሆን ደግሞ ዝም አለ።

በመጨረሻ በሩን ዘግታ ከኋላው ቆመች። ጸጥ።

ይህን በኋላ ነው ያጫወተችኝ። ያን ጭብጨባ ከልጅነቷ ጀምሮ በሕልሟ ስትሰማው ኖራለች፤ ብታጣው ምን እንደምታጣም ታውቃለች። ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ምንም የለም።

እመት ፈንታዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድምፁ የበር ነው። የበር ድምፅ የአናጢው ሥራ ነው። ቤቴን አይመለከትም፤ አላጨበጭብም፣ ጭኔንም አልመታም።»

የእንቅስቃሴ ቤት አለቃ ባምላኩ ቀጠለ። «አረማመዱ የጎረቤቶቼ ነው። ለጎረቤቶቼ አረማመድ ላጨብጭብ? ነገ ወደ ወንዝ ሲወርዱም አጨብጭብ ሊሉኝ ነው እኮ!»

ሁሉም ወደ ጋሽ ወረታው ዞረ። ሽማግሌው ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። «ቃሉ በየደጃፋችን የምንለው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የራሴንም ሰምቼበታለሁ። ሰው ለራሱ ቃል አያጨበጭብም። ደግሞስ የበሩን ድምፅ ብትነጥሉት ቃሉ ቃል አይሆንም። የኔ ቤት ሥራ አይደለም።» ጭናቸውን ቢመቱት ልጃቸውን እዚያው ወንበራቸው ላይ ያስቀምጧት ነበር። አልመቱም። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጠላትም ይሄንን አይነሳቸውም።

እንግዲህ የማን ሥራ እንደሆነ ያልታወቀ ሥራ አልተወደሰም፣ አልወደቀም፤ ስለዚህ አላለቀም። አበጀ ገመዱን ይዞ ተቀመጠ። ትርንጎም ወጉ ነውና በሩን እንደገና ከፈተችው።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ባሏ የዘገየባት ሚስት ልትፈልገው መጣች፤ ገባች፤ ቀረች። ምሳ ያመጣው ምሳውን እንደያዘ ቀረ። ሁለት ተካሳሾች ችሎት ቀጠሮ ነበራቸውና ዳኛው ሊያስጠሯቸው ሰው ላኩ፤ የተላከው ሲቀር ዳኛው ራሳቸው መጡ፤ ክሱ እዚያው በሩ አጠገብ ተሰማ። ትርንጎ ተካሳሾቹን አንድ ጊዜ በበሯ ብታስገባና ብታስወጣቸው ሁለቱም የካዱትን አመኑ። ቀጥቃጩ መዶሻውን አስመጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ እሷም በሩን ከመዶሻው ጋር አስማማችው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ውሎ ነበር።

የከተማው የፍጻሜ ሹም ሰሙ። የጉባኤ ሁሉ ማለቅ በሳቸው ሥልጣን ሥር ነው። ከገመዱ ውጭ ቆመው፣ «ተበተኑ!» አሉ። በሩ እየተንቀጫረረ ስለነበር አልሰማናቸውም። አንድ እግራቸውን ከገመዱ አሳልፈው፣ «ተበተኑ ነው የምላችሁ!» ብለው ጮኹ።

«ጌታዬ፣ ገብተዋል» አላቸው አበጀ።

«አንድ እግሬ ነው እኮ!»

«ቀኝዎ ነው ጌታዬ። ሹመትዎን የተቀበሉ ዕለት በየትኛው እግርዎ ነበር የረገጡት?»

ሹሙ መዋሸት አይችሉበትም። «በቀኙ» አሉ፤ ሹመቱ ከእግሩ ጋር ገብቶ ነበርና የቀረውን እግራቸውን አስገብተው ተቀመጡ። ቆሎ ዘገንላቸው።

ጥላ ሲረዝም ደግሞ የኔዋ ዘርፌ መጣች። ባለቤቴ ናት፤ ትዕግሥት የሚሉትን አልፈጠረባትም። «አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ወጥተህ እስካሁን?» ብላ ዘላ ገባች። ነገሩን ስነግራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት!»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኳት።

«ምን ይደረጋል? አንተ አበጀ! ሰው ገመዱን አይሻገር ተባለ እንጂ ገመዱ አይራመድ ተባለ እንዴ?»

አበጀ አሰበ። ሹሙም አሰቡ። እንዲህ የሚል ወግ አልነበረም። የዚህን ያህል ሰው ተቀምጦ ሲውል ይህን ያሰበ አንድም አልነበረም። ሁላችንም ተነስተን ገመዱን ዙሪያውን ያዝንና፣ መሃላችን ትርንጎ በሯን አዝላ፣ ወደ ዘርፌ ወጥ ቤት ሄድን። ወጡ አርሮ ነበር። ዘርፌ እስከ ዛሬ አበጀን አላናገረችውም፤ አካሄዱ የቀብር ነበር ትላለች።

አንዴ በር ተከፍቷል፣ ማን ያቆመዋል? አንዱ «በሬዎቼ አልተፈቱም» አለ። ሌላው «እህሌ ወፍጮ ቤት ነው» አለ። ገመዱ አላዳርስ ሲል ሰው መጫኛ ቀጠለ፤ ጠፍር ቀጠለ፤ ሴቶች መቀነታቸውን ፈቱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገመዱ መንደሩን፣ ወንዙን፣ ወፍጮውንና ማሳውን እስከ ድንበሩ ድረስ ዞረው። ከውጭ የቀረ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ከጉባኤው ሳንወጣ በየቤታችን ገባን፤ በሰላም አደርን።

ሥራው ግን አላለቀምና ትርንጎ በማግስቱ ቀጠለች። አሁን ያቺ አንዲት በር አልበቃቻትም፤ በየቤቱ መዞር ጀመረች። አንድ ቤት ትመጣለች፣ በሯን ከቤቱ በር አጠገብ ታቆማለች፣ ከቤተሰቡ ጋር ትወጣለች ትገባለች፤ የሚሉትን እያሉ፣ የሚሠሩትን እየሠሩ። ከተማው አበደ ብል ይቀለኛል። የበሩን ማጠፊያ ቅባት የሚቀባ ጠፋ፤ «የኔ በር እንደሷ አያለቅስም» ብሎ የሚቀና መጣ። መጋረጃ ብቻ የነበራቸው በር አሠሩ። ባልና ሚስት ሊጣሉ ሲሉ «ቆይ፣ ትርንጎ ትድረስ» እያሉ ያሳድሩታል፤ ደርሳ ስታወጣላቸው ራሳቸው ይስቁበታል። እመት ፈንታዬ እንኳ ወንዝ ዳር ሲጥጥ፣ ሲጥጥ እያሉ ሲያንጎራጉሩ ተይዘዋል። ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አሉ።

የተከፉት የፍጻሜው ሹም ብቻ ነበሩ። አንድ ጉባኤ ሳያልቅ ሌላ አይጠራምና ንግግር የሚባል ቀረ። የጻፉት ንግግር ቤታቸው ውስጥ ተከመረ። እኛን አልጎደለንም፤ እሳቸውን ግን አከሳቸው። በመጨረሻ ሦስቱን አለቆች ሰብስበው አፋጠጧቸው። ሦስቱ ቤቶችም የአባቶቻቸውን ክልከላ ለአንድ ቀን ተውትና ፍርዱን ለጋሽ ወረታው ሰጡ፤ አንድ ሰው ለሦስቱም ቤት እንዲያጨበጭብ ወይም ጭኑን እንዲመታ። ለምን እሳቸው? ያዳላሉ የሚል ቢኖር እንዲህ ተባለ፤ ቢያጨበጭቡ ወራሽ ያጣሉ፣ ጭናቸውን ቢመቱ ልጅ ያጣሉ። በሁለቱም የሚጎዳ ሰው ለማን ያዳላል?

ጠዋት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ወረታው ነጭ ለብሰው፣ እጃቸው በቅቤ ወዝቶ መጡ። ትርንጎ በሯን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ከአባቷ እጅ አይነቀልም። ያ እጅ ሁለት መንገድ ይዟል፤ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። 

«በሉ እንግዲህ፣ አንዱን አድርገው ይገላግሉን» አሉ ሹሙ።

ጋሽ ወረታው ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። ወደ ጭናቸው አልነበረም። ጣቶቻቸው ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም።

«ተው!» አለ አንድ ሰው። «ተው! የኛ ቤት ገና አልደረሰችም!»

«የኛም!» አለች ሌላዋ።

«አያጨብጭቡ ጋሽ ወረታው! በሬን ገና ትናንት አስገጠምኩ!»

ሜዳው ተናወጠ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ «አያጨብጭቡ! አያጨብጭቡ!» ይላል። እኔም ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በከተማችን ታሪክ ሰው ጭብጨባ ሲፈራ ያ የመጀመሪያው ነው። ትርንጎ አንዴ እኛን አንዴ አባቷን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችው ነገር ይኸው ተዘርግቶላት እኛ ነጣቂዎቹ እንከለክላታለን። አፈርኩም፣ መጮኼን ግን አላቆምኩም።

ጋሽ ወረታው እጃቸውን በአየር ላይ እንዳቆሙ ወደ ልጃቸው ተጠጉ። «ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ። ላጨብጭብልሽ? አጨብጭቡ ካልሽ አሁን አደርገዋለሁ፤ ወንበሬ ይቅር።»

እንባዋ መጣ። «አባባ፣ ያን ያህል ያምራል?»

«ያምራል ወይ ትይኛለሽ! አርባ ገጣሚ ጭብጨባዬን ለምኖ ያላገኘው ሰውዬ እኮ ነኝ!»

በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። ሳቀችም። «እንግዲያው አያጨብጭቡ። ገና ነኝ።»

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ ሹሙ።

 ሽማግሌው እጃቸውን አወረዱ። «ዕድሜዬን ሁሉ ማለቂያውን ስጠብቅ ኖርኩ» አሉ። «የሰው ሥራ መሃሉ እንዲህ መሆኑን የነገረኝ የለም።»

ከዚያ ያደረጉትን ዓይኔ አይቶ ባይሆን ኖሮ አላምንም ነበር። ጎንበስ ብለው የትርንጎን በር በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኧረ አባባ፣ ስንጥር አለው! እጅዎ!» አለች። እመት ፈንታዬ ጮኹ። ሽማግሌው በሩን ነቅለው ተሸከሙት። ስንጥሩ ገብቶ ጣቶቻቸው ደሙ፤ በዚያ እጅ ዳግመኛ ማጨብጨብ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ፊታቸው ግን የልጅ ፊት ሆኗል።

«ጀርባሽ ደክሟል፤ እኔ ልያዝልሽ» አሏት። «ቀጥሎ የማን ቤት ነው?»

የኛ ነበር። ዘርፌ ቤቷን አልጠረገችም ነበርና ሮጠች።